የወባ ትንኝ መራቢያን በድሮን መፈለግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው ተደርድረዋል፤ ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ድሮን ትንኟን ከላይ ያያታል እንዴ?

አያያትም። እጯንም አያይም። የወባ ትንኝ እጭ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ተራ የድሮን ካሜራ ደግሞ መቶ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ሲያነሳ፣ የፎቶው አንዷ ነጥብ (ፒክስል የምትባለው) መሬት ላይ ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ትሸፍናለች። በዚህ መጠን እጭ ቀርቶ የከብት ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ እንኳ ሁለት ሦስት ነጥብ ሆኖ ነው የሚወጣው።

ድሮኑ የሚፈልገው ውሃ ነው። ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ውሃ ላይ ነው፤ እጩም ክንፍ እስኪያወጣ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ የቆመ ውሃ ያለበትን ካወቅን መፈለጊያችን ይጠባል። ውሃው ውስጥ በእርግጥ እጭ አለ ወይ የሚለውን የሚመልሰው ግን ቦት ጫማ አድርጎ፣ ጭልፋ ይዞ የሚወርድ ሰው ነው። ይህን ድሮን ሻጮች ብዙ ጊዜ አይነግሯችሁም።

የቆመ ውሃ ሁሉ የወባ ትንኝ ያፈላል?

አያፈላም። ኢትዮጵያ ውስጥ ዋናዋ ወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አራቢየንሲስ የምትባለው ናት። እሷ የምትወደው ፀሐይ የሚያገኘውን፣ ጥልቀት የሌለውንና በቅርቡ የቆመ ውሃን ነው። ወንዝ ሲጎድል ዳር ዳሩን የሚቀሩ ኩሬዎች፣ የመስኖ ቦይ እያፈሰሰ የሚያረጥበው ሜዳ፣ ለጡብ ወይም ለቤት ልስን አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ፣ ከብት ውሃ ሲጠጣ የረጋገጠው ጭቃ፣ እነዚህ ሁሉ ይመቿታል። በኃይል የሚፈስ ወንዝ ግን እጩን ጠርጎ ይወስደዋል።

የፍሳሽ ቦይና የሽንት ቤት ጉድጓድ በአብዛኛው የሌላ ትንኝ፣ የኩሌክስ ቤት ነው። ማታ ጆሮ ስር እየጮኸች እንቅልፍ የምትነሳን ብዙ ጊዜ እሷ ናት፤ ወባ ግን አታስተላልፍም። ሁለቱን በዓይን መለየት ይቻላል። የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ወለል ጋር ትይዩ ሆኖ ይንሳፈፋል። የኩሌክስ እጭ ደግሞ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል።

ካሜራው ውሃን ከአፈር እንዴት ይለያል?

ንጹህና ሰፋ ያለ ኩሬ ከሆነ ተራ ካሜራም ይበቃል፤ ፎቶውን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ችግሩ ደፍራሹ ውሃ ነው። ጭቃማ ኩሬ ከላይ ሲታይ ከጎኑ ካለው እርጥብ አፈር ጋር ቀለሙ አንድ ነው።

እዚህ ላይ የሚረዳው ዓይናችን የማያየውን ብርሃን የሚይዝ ካሜራ ነው። ለቀዩ ብርሃን ቅርብ የሆነውን ኢንፍራሬድ ውሃ ይውጠዋል፤ ለምለም ቅጠል ደግሞ በብዛት መልሶ ያንጸባርቀዋል። ስለዚህ በዚህ ካሜራ ውሃ ጠቆር፣ ሣር ደመቅ ብሎ ይታያል። ሶፍትዌሩ ሁለቱን እያነጻጸረ የውሃውን ድንበር ያወጣል።

ይህም ቢሆን ይሳሳታል። የዛፍና የቤት ጥላ ጠቆር ስለሚል ውሃ ይመስላል። ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐይ ውሃው ላይ አንጸባርቃ ፎቶውን ነጭ ታደርገዋለች። ከሁሉ የከፋው በሣርና በደንገል የተሸፈነ ረግረግ ነው። ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ሜዳ ይመስላል፤ ሲረግጡት ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ትንኝ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን መሸሸጊያ አትጠላም።

ሳተላይት እያለ ድሮን ለምን ያስፈልጋል?

ለሰፊ አካባቢ ሳተላይት ይሻላል። ሴንቲኔል ሁለት የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ምስላቸው በነፃ ይገኛል፤ አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ ገደማ ያነሳሉ። ግን የምስሉ አንድ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ግድብ፣ ሐይቅና ትልቅ ረግረግ ይታያል። የጡብ ሠሪዎች ጉድጓድ አይታይም።

ሌላው ደመና ነው። ውሃ የሚቆመው በክረምት ነው፤ ሰማዩ የሚሸፈነውም በክረምት ነው። ድሮን ከደመናው በታች ይበራል። ደመናን አልፈው የሚያዩ የራዳር ሳተላይቶች አሉ፤ ትንንሽ ኩሬ ላይ ግን እነሱም ያው ናቸው።

ብልህ ቡድን ሁለቱን ያጣምራል። በሳተላይት የትኛው ቀበሌ ዙሪያ ውሃ እንደሚተኛ ያያል፤ ከዚያ ድሮኑን የሚያስነሳው እዚያ ብቻ ነው። ሙሉ ወረዳን በድሮን ልሸፍን ብሎ መነሳት ባትሪም ሰውም መጨረስ ነው።

አንድ የበረራ ቀን ምን ይመስላል?

በመጀመሪያ የቀበሌው አመራርና ነዋሪው ይነገራቸዋል። ከዚያ ፎቶ የሚነሳው ቦታ ስልክ ወይም ታብሌት ላይ ተከልሎ የበረራ መስመር ይወጣለታል። ድሮኑ በሬ እርሻ ሲያርስ እንደሚመላለሰው ወዲያና ወዲህ እያለ ቁልቁል ፎቶ ያነሳል። አንዱ ፎቶ ከሚቀጥለው ጋር ከ70 እስከ 80 በመቶ መደራረብ አለበት፤ አለዚያ ሶፍትዌሩ መስፋት አይችልም። የነፋስ ቀን፣ የዝናብ ቀን አይበረርም። ቀትርም አይመከርም፤ ማለዳም ጥላው ይረዝማል። ረፋድ ላይ ደህና ነው።

ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው የሚቆየው። ዛንዚባር ላይ በ2017 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከሱቅ በሚገዛ ፋንተም 3 ድሮን ወደ 30 ሄክታር የሚሆን የሩዝ ማሳ በ20 ደቂቃ በረራ ማንሳት እንደሚቻል አሳይቷል። በእግር ቢሆን ያንን ጭቃ መዞር ምን ያህል እንደሚያደክም የገባበት ያውቀዋል።

አድካሚው ሥራ የሚመጣው ማታ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎች ተሰፍተው አንድ ካርታ መሆን አለባቸው። ኦፕንድሮንማፕና ኪውጂአይኤስ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ነፃ ናቸው። ጥሩ ላፕቶፕና የማይቋረጥ መብራት ግን ነፃ አይደሉም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ግማሽ ላይ የቆመ ሥራ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።

የት የት ተሞክሯል?

አፍሪካ ውስጥ በብዛት የሚጠቀሰው ዛንዚባር ነው። የደሴቲቱ የወባ ማጥፊያ ፕሮግራምና ከብሪታንያ ዌልስ የመጡ ተመራማሪዎች አብረው ሠሩ። ዛንዚባር ወባን በአጎበርና በቤት ውስጥ ርጭት በጣም ቀንሳለች፤ ጨርሶ ማጥፋት ላይ ግን ተቸገረች። ከቤት ውጭ የምትናከሰዋን ትንኝ አጎበር አያገኛትም። ስለዚህ ወደ ምንጩ፣ ወደ ሩዝ ማሳው መሄድ ግድ ሆነ።

ማላዊ ውስጥ ዩኒሴፍና መንግሥት በ2017 ካሱንጉ ላይ ለድሮን ሙከራ የተለየ የአየር ክልል ከፈቱ። እዚያም ተመራማሪዎች በግድቦች ዙሪያ ያሉ የትንኝ መራቢያዎችን በድሮን አንስተው፣ መሬት ወርደው በጭልፋ ከቀዱት ጋር አመሳከሩ። በ2020 ደግሞ ሊሎንግዌ ላይ የድሮንና የዳታ አካዳሚ ተከፈተ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ድሮኑ ቢሰበር፣ ያወቀው ወጣት አገሩ ውስጥ አለ።

ፔሩ በአማዞን አካባቢ የተሠራው ደግሞ አንድ እርምጃ ይቀድማል። በ2019 የታተመው ጥናት ውሃ መኖሩን በመለየት ብቻ አላበቃም። እጭ ያለበትን ውሃ እጭ ከሌለበት በቀለሙ ለመለየት ሞክሮ ከ86 በመቶ በላይ ትክክል ሆኗል። ይህ የሠራው ግን ለዚያ አካባቢ ትንኝና ለዚያ ዓይነት ውሃ ነው። ቀድቶ መተሐራ ወይም ጋምቤላ ላይ መለጠፍ አይቻልም፤ በአካባቢው ናሙና እንደገና መማር አለበት።

አሜሪካም የራሷ ታሪክ አላት። በ2007 የቤት ብድር ቀውስ ሲመጣ ካሊፎርኒያ ቤከርስፊልድ ውስጥ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። የመዋኛ ገንዳዎቹ ባለቤት አጡ፤ ውሃቸውም አረንጓዴ ሆኖ የትንኝ መራቢያ ሆነ። አንድ ሰፈር ከአየር ላይ ሲነሳ ከሚታዩት ገንዳዎች 17 በመቶው አረንጓዴ ሆነው ተገኙ። በዚያው በጋ በአካባቢው ትንኝ የምታስተላልፈው የዌስት ናይል ቫይረስ ታማሚዎች ቁጥር 276 በመቶ ጨመረ። ከአየር የተነሳ ፎቶ ከበር ማንኳኳት የሚበልጥበት ቦታ ይኼ ነው፤ ባለቤት በሌለበት ቤት ማን በር ይከፍታል?

ቦታው ከተገኘ በኋላስ? ማን ምን ያደርጋል?

ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በሞቃት ቦታ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ከ7 እስከ 14 ቀን ገደማ ነው የሚፈጀው። ሰኞ የተነሳ ፎቶ ካርታ ሆኖ፣ ካርታው ታትሞ፣ ቡድኑ ጋ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ከወሰደ፣ ቡድኑ የሚደርሰው ባዶ ጎጆ ላይ ነው። ዝናብ ከጣለ ደግሞ የድሮው ኩሬ ሞልቶ ፈስሶ፣ አዲስ ኩሬ ሌላ ቦታ ተፈጥሯል።

ስለዚህ ካርታው ቆንጆ ከሚሆን ፈጣን ቢሆን ይሻላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልክ ላይ የሚከፈት፣ «ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከቦዩ ማዶ» ብሎ የሚመራ ነገር ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አገሬው የሚያውቀው ነው። የሚፋሰሰው ይፋሰሳል፤ የሚደፈነው ይደፈናል። ሁለቱም የማይቻል ከሆነ የእጭ ማጥፊያ ይጨመራል። ለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ አቤት የሚባለው ቴሜፎስ ሲሠራበት ኖሯል። ቢቲአይ የሚባለው ደግሞ ከባክቴሪያ የሚሠራ ነው፤ የትንኝን እጭ እየመረጠ ስለሚገድል ዓሣና ንብ አይጎዳም።

ድሮኑ ራሱ መድኃኒቱን መርጨት አይችልም?

ይችላል፤ ተሞክሯልም። ዛንዚባር ላይ በ2019 የእርሻ ድሮን በሩዝ ማሳ ላይ ሲሊኮን ያለበት ፈሳሽ ረጨ። ፈሳሹ ውሃው ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይዘረጋል። እጩ ለመተንፈስ ወደ ላይ ሲወጣ ወለሉን መያዝ ያቅተውና ይሞታል። ሩዋንዳም በ2020 ኪጋሊ አካባቢ ቢቲአይ በድሮን መርጨት ጀምራለች።

ግን ፎቶ የሚያነሳውና የሚረጨው አንድ ድሮን አይደለም። የሚረጨው ከባድ ነው፤ ታንኩም ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ጥሩ የሚሆነው ሰው ሊገባበት በማይችል ሰፊ ረግረግና የሩዝ ማሳ ላይ ነው። ለተበታተኑ ትንንሽ ኩሬዎች በትከሻ የሚታዘል መርጫ ይዞ መሄድ ይቀላል።

ድሬዳዋ ላይ የገባችው የከተማ ትንኝስ? እሷንም ድሮን ያገኛታል?

በከፊል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ መነሻዋ እስያ ነው። ጅቡቲ ውስጥ በ2012፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ በ2016 ቀብሪ ደሐር ላይ ተገኘች። ድሬዳዋ በ2019 ሙሉ ዓመት 205 የወባ ታማሚ ነበር የተመዘገበው። በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ብቻ ከ2,400 በላይ ሆነ። ያውም በደረቁ ወራት። ምርመራው በብዛት ያገኘው እሷን ነው።

ይህቺ ትንኝ ኩሬ አትጠብቅም። ሰው ውሃ የሚያጠራቅምበት ሁሉ ይስማማታል፦ በርሜል፣ ሮቶ፣ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ኮንክሪት ለማርጠብ ውሃ የተያዘበት የግንባታ ጉድጓድ። ከእነዚህ ውስጥ ድሮን የሚያየው ክፍት የሆነውንና ጣሪያ ላይ ያለውን ነው። ጓሮ ጥላ ሥር የተቀመጠን በርሜል አያይም። ክዳኑ በደንብ ያልገጠመ ሮቶም ከላይ ሲታይ የተከደነ ይመስላል።

ግን የግንባታ ቦታዎችን ለመቁጠር ድሮን ግሩም ነው። የትኛው ሰፈር ስንት ያላለቀ ሕንፃ፣ ስንት ክፍት ገንዳ እንዳለው በአንድ ጠዋት ይታወቃል። ከዚያ ቤት ለቤት የሚሄዱት ሰዎች ከየት እንደሚጀምሩ ያውቃሉ። የበርሜሉ ነገር ሥር የሰደደ ነው። ቧንቧ በየቀኑ ቢመጣ ሰው ውሃ አያጠራቅምም ነበር። ይህን ድሮን አይፈታውም።

ከውጭ ስመጣ ድሮን ይዤ ልምጣና ለትውልድ ቀበሌዬ ልርዳ?

ያለ ፈቃድ አያምጡ። ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን ማስገባትም ማብረርም አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ቦሌ ላይ ይያዛል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ መንገዱ ግን በጤና ቢሮ፣ በዩኒቨርሲቲ ወይም ፈቃድ ባለው ድርጅት በኩል ነው። አሜሪካም ቢሆን እንዲሁ አይበረርም። ለሥራ ለማብረር ፈተና ማለፍ፣ ከ120 ሜትር ገደማ በላይ አለመውጣት ግድ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ደግሞ እስከ 24 ኪሎ ሜትር ድረስ ለመዝናኛ ማብረር ክልክል ነው። አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ፣ ጓሯችሁም ቢሆን እዚህ ውስጥ ነው።

ድሮን ሳይኖር መርዳት ለሚፈልግ ግን ናሳ የሚደግፈው ግሎብ ኦብዘርቨር የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለ። ያገኙትን የትንኝ መራቢያ ፎቶ አንስተው ቦታውን ይመዘግቡበታል።

ሰው ድምፁን ሰምቶ ቢደነግጥስ? ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ፎቶ ቢነሳስ?

ድንጋጤው ከንቱ አይደለም። ባለፉት ዓመታት ድሮን ማለት ለብዙ ኢትዮጵያዊ የጦርነት ዜና ነው። ጥቃት ያየ አካባቢ ላይ ለወባ ነው ብሎ ድንገት ማስነሳት ጭካኔ ነው። እዚያ በእግር መሄድ ይሻላል፤ ካርታው ይቅር።

ሰላም ባለበት ቦታም ቢሆን ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፦ በዕድር፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በትምህርት ቤት። ድሮኑን አስቀምጦ ማሳየት፣ የተነሳውን ፎቶ ለነዋሪው መልሶ ማሳየት። አዛውንቶቹ ፎቶውን ሲያዩ «እዚህ ጋ ያለውን ምንጭ ረስታችሁታል» ማለታቸው አይቀርም፤ ይህ ከሶፍትዌሩ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። በመቶ ሜትር ከፍታ የሰው ፊት አይለይም። ግን ልብስ የሚያጥብ፣ ገላውን የሚታጠብ ሰው መኖሩ ይታያል። ስለዚህ ፎቶው ማን ጋ እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሁሉንም አይሠራውም?

ውሃ ያለበትን ማውጣት ላይ ብዙ ያግዛል። ሺህ ፎቶ በዓይን ማየት ያሰለቻል፤ የሰለቸው ሰው ደግሞ ይስታል። ግን ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ያስተማሩትን ብቻ ነው። በሩዝ ማሳ ፎቶ የተማረ ሲስተም የአዋሽን የመስኖ ቦይ ሲያይ ግራ ይጋባል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ይህ ውሃ ነው፣ ይህ ጥላ ነው» እያለ የአካባቢውን ፎቶ ምልክት ማድረግ አለበት። ያ ሰው ደግሞ ቦታውን በእግሩ የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል።

እሺ፣ በመጨረሻ በዚህ ሁሉ ወባ ይቀንሳል?

እንደ ቦታው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እጭን መቆጣጠር የሚመክረው መራቢያዎቹ ጥቂት፣ ቦታቸውን የማይቀይሩና ለማግኘት የሚቻሉ ሲሆኑ ነው፤ ያውም በአጎበርና በርጭት ላይ ተጨማሪ ሆኖ። ድሮን የሚያሻሽለው ሦስተኛውን፣ መገኘቱን ነው። ብዙውን ጥቂት አያደርግም። የሚቀያየረውንም አያስቆምም።

በምዕራብ ኬንያ ደጋማ ሸለቆዎች መራቢያው በሸለቆው ሥር የተወሰነ ነበር። እዚያ አጎበር ላይ የእጭ ማጥፊያ ሲጨመር አዲስ የሚያዙ ልጆች ቁጥር ቀንሷል። ጋምቢያ ላይ ደግሞ ወንዙ ሞልቶ በሚተኛበት ሰፊ ሜዳ ተሞክሮ የወባ ታማሚ አልቀነሰም፤ ውሃው ከሰው አቅም በላይ ነበር። እዚያ ድሮን ቢኖርም የሚያሳየው ማለቂያ የሌለው ውሃ ነው።

ኢትዮጵያ በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚና 1,157 ሞት መዝግባለች። በዚህ መጠን ወረርሽኝ ባለበት ጊዜ የመጀመሪያው ብር የሚሄደው ለአጎበር፣ ለመመርመሪያና ለመድኃኒት ነው። ለድሮን ምርጡ ጊዜ በጋው ነው። ወንዙ ጎድሎ፣ መስኖ ባለበትና በወንዝ ዳር ጥቂት ኩሬዎች ብቻ ሲቀሩ፣ ለሚቀጥለው ክረምት ትንኟን የሚያሻግሩት እነሱ ናቸው። ያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ኩሬውም ቦታውን አይቀይርም፤ ቡድኑም ካርታውን ይዞ በጊዜ ይደርሳል።